ናማዛኬን ሳይበላሽ አዲስ አበባ እንዴት ላድርሰው?

ሰላም ወገኖች! ሳኬ (ከሩዝ የሚሠራውን የጃፓን መጠጥ) የምታውቁ እባካችሁ እርዱኝ። አሁን ጃፓን፣ ኒጋታ ነኝ። ኤቺጎ ዩዛዋ ባቡር ጣቢያ ውስጥ ስትከፍሉ የመቅመሻ ሳንቲሞች ይሰጧችኋል። ግድግዳውን ከሞሉት ማሽኖች የመረጣችሁት ሳኬ በትንሽዬ ሲኒ ይቀዳል። ጨውም አለ፤ ላስ እያደረጉ መቅመስ ነው። በጣም ደስ ይላል!

እስካሁን የሰበሰብኳቸው ጁንማይና ጊንጆ የሚባሉ የሳኬ ዓይነቶች ብዙ አያስቸግሩም፤ ከሙቀትና ከብርሃን መጠበቅ ብቻ ነው። ልቤን የወሰደው ግን ናማዛኬ የሚባለው ዓይነት ነው። በሙቀት ስላልታከመ ገና እንደደረሰ ጠጅ ምላስ ላይ ቆንጠጥ ያደርጋል። ችግሩ፣ ከፍሪጅ ከወጣ ጣዕሙ ቶሎ ይለወጣል።

ከዚህ ሂሮሺማ፣ ሳይጆ እሄዳለሁ። ከዚያ ከናሪታ አየር ማረፊያ በሴኡል በኩል ወደ አገር ቤት። ሁለት ባለ 720 ሚሊ ሊትር ጠርሙስ መያዝ እፈልጋለሁ። በእጅ ሻንጣ ስለማይፈቀድ የግድ በሚጫነው ሻንጣ ነው። የበረዶ ጄል እስከ ቤት ይቆይልኛል? ወይስ ከዚህ በቀዝቃዛ ጭነት ናሪታ አጠገብ ወዳለ ሆቴል ልኬው፣ በመጨረሻው ቀን ልቀበለው? ሆቴሎች ፍሪጅ ውስጥ ያስቀምጡልኛል? ወንድሜን ይህን ሳላስቀምሰው መመለስ አልፈልግም። የሞከራችሁ ካላችሁ እንዴት እንዳደረጋችሁት ንገሩኝ።