የፍሎረሰንት አምፖል ባሕር ዛፍ ውስጥ ተሰባብሮብናል፤ ቶሎ መልሱልኝ!

ሰሊ፦ እባካችሁ የምታውቁ አሁኑኑ። ከጎናችን ያለ ድርጅት መብራቱን ሲቀይር አሮጌዎቹን ረጃጅም አምፖሎች ማታ አምጥቶ ከግቢያችን ጀርባ ባሕር ዛፉ ውስጥ ደፋቸው። ጠዋት ልጆች ረጋግጠው ሰባበሯቸው፤ ነጭ ዱቄቱ ቅጠሉ ላይ በኗል። ከታች የጎመን መደብ አለን፤ ሰማዩ ደግሞ ጠቁሯል። ልጥረገው ወይስ ከነቅጠሉ ላቃጥለው?

ዳኜ መብራት፦ ስንት ናቸው? ኤልኢዲም ረጅም አለው፤ እሱ እንደ ፍሎረሰንቱ ሜርኩሪ (መርዛማው ፈሳሽ ብረት) የለውም። መጀመሪያ ፍሎረሰንት መሆኑን አረጋግጪ።

ሰሊ፦ አንድ ካርቶን ይሆናል። ዱቄት አለው እያልኩህ!

ሃምሳ ሎሚ፦ ልጆቹን ወተት አጠጧቸው፤ መርዝ ያወጣል።

አያ ሙሌ፦ ጉዳዩን ከሥሩ እንየው። ጃፓን፣ ሚናማታ ላይ ፋብሪካ ወደ ባሕር የለቀቀው ሜርኩሪ ዓሣ የበላውን ሕዝብ እንደፈጀ መታወቅ የጀመረው በ1956 ነው። የሜርኩሪ ስምምነቱም በከተማዋ ስም በ2013 ጸደቀ። በ2023 ደግሞ አገሮች እነዚህ ረጃጅም ፍሎረሰንቶች እስከ 2027 መመረታቸው እንዲያበቃ ተስማሙ (ሁሉም በፈረንጅ አቆጣጠር)። ድሮ ዱቄቱ ውስጥ ቤሪሊየም የሚባል ሌላ መርዛማ ብረት ይገባበት ነበር፤ አሜሪካ፣ ሳሌም ከተማ የአምፖል ፋብሪካ ሠራተኞች ሳንባ የተጎዳው በዚያ ነው። ከዚያም...

ዳኜ መብራት፦ ጋሽ ሙሌ፣ ልጅቷ ዝናብ መጣብኝ ትላለች፣ እርስዎ ጃፓን ገቡ።

ወርቅ በእጄ፦ ምን ያካብዳችኋል? ወርቅ የሚያጥብ ሰው ሜርኩሪ በባዶ እጁ ያሻል።

ትዕግስት ላብ፦ ጤነኛ ነው ያለህ ማነው?
ሰሊ፣ እንዳታቃጥዪ! አንድ አምፖል እንደ ዕድሜው ከጥቂት ሚሊግራም እስከ ጥቂት አሥር ሚሊግራም ሜርኩሪ ይይዛል። ካርቶኑ 25 ቢሆን፣ እያንዳንዱን በ10 ብንይዘው 250 ሚሊግራም ነው። የድሮው የትኩሳት መለኪያ ብቻውን 500 ገደማ ነበረው። ስለዚህ አትደንግጪ፣ ግን አትተዪውም።
ባገለገለ አምፖል ሜርኩሪው በአብዛኛው ዱቄቱ ላይ ነው የሚጣበቀው። የረገፈ ቅጠልና የጫካ ጥቁር አፈር ደግሞ አጥብቆ ይይዘዋል፤ ወደ ጎመኑ የሚወስደው ዱቄቱን አጥቦ የሚወርድ ጎርፍ ነው። እሳት ግን ቅጠሉ የያዘውን በሙሉ በጭስ ይለቀዋል።
ልጆችና ከብት አርቂ፤ የረገጡበት ጫማ ቤት አይግባ። መጥረጊያ ያቦነዋል፣ ተዪው። ጓንት አድርገሽ ቅጠሉ ላይ ውሃ በቀስታ እርጪበት፤ ስብርባሪውን ከነቅጠሉ፣ ከሥሩም ሁለት ጣት ያህል አፈር በአካፋ አንስተሽ ውስጡ ላስቲክ ባለው የማዳበሪያ ከረጢት እሰሪው። ገንዳ ውስጥ አትጣዪ። ዝናቡ ከቀደመሽ ላስቲክ አልብሰሽ ከላይ በኩል ቦይ ቅደጂ። ፎቶ አንስተሽ ለወረዳው አመልክቺ፤ የደፋው ራሱ ያንሳው።

ሃምሳ ሎሚ፦ ወተቱን አትርሱ።

ትዕግስት ላብ፦ ወተቱ ለሻይ ይሁን ወንድሜ።

አያ ሙሌ፦ ያላለቀ ሐሳብ ነበረኝ።

ሰሊ፦ ላስቲኩን አልብሰናል፣ እግዜር ይስጥልኝ ትዕግስትዬ። ግን ልጆቹ ከሰበሩት በኋላ ቅጠል ጠራጊዋ እናት መጥታ አንዱን ጎን ጠርጋ፣ ተሸክማ ወርዳለች አሉኝ። ለእንጀራ መጋገሪያ ነው የምትሸጠው።

ትዕግስት ላብ፦ አሁኑኑ ፈልጊያት። ለማን እንደሸጠች ጠይቂና ምጣድ ሥር ሳይገባ ዋጋውን ከፍለሽ መልሺው። እሷም እጇን ትታጠብ፣ ነጠላዋን ለብቻው ታጥበው።

ዳኜ መብራት፦ ሰፈርሽን እኮ አልነገርሽንም። ወደ ሽሮ ሜዳ ከሆነ የወረደችው እኔ እዚያው ነኝ፤ ምን ዓይነት ነጠላ ለብሳለች?