የጉባኤው ሥልጠናዎች፦ የጋራ ሐሳብ እናዋጣ

አስተባባሪ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ባሕር ዳር ላይ ልናዘጋጅ ላሰብነው የፓይተን (የፕሮግራሚንግ ቋንቋው) ጉባኤ የሥልጠናውን ክፍል አርብ ማታ ጽፌ ማስገባት አለብኝ። በእጄ ያለው ረቂቅ ይህ ነው። ንግግሮቹ ከመጀመራቸው በፊት ባለው ቀን ስምንት ሥልጠና፣ እያንዳንዱ አንድ ሰዓት ተኩል። ቦታው ከተፈቀደልን ፖሊ ካምፓስ፣ ካልሆነ ሐይቁ ዳር ካሉት አዳራሾች አንዱ። ያልተስማማችሁ እዚሁ ተናገሩ። በኋላ በውስጥ እየጻፋችሁ አታድክሙኝ።

የፔዳዋ መምህርት፦
ስምንት በዛ። አንድ ሰዓት ተኩልማ ግማሹ ሰው ገና ሶፍትዌር እየጫነ ያልቃል። ፓይኮን የሚባለው የአሜሪካው የፓይተን ጉባኤ ሥልጠናዎቹን ከዋናው ጉባኤ ቀድሞ ሁለት ቀን ይሰጣል፤ አንዱ ሥልጠና ሦስት ሰዓት ያህል ነው፣ ክፍያውም ለብቻ። ክፍያውን ተዉትና ሰዓቱን እንውሰድ። ጠዋት ሁለት ክፍል፣ ከሰዓት ሁለት ክፍል። አራት ሥልጠና ይበቃል።

የፖሊው፦
እስማማለሁ። እኔን የሚያሳስበኝ ኢንተርኔቱ ነው። አንድ ክፍል ሙሉ ሰው በአንዴ ነምፓይና ፓንዳስ የሚባሉትን የፓይተን ተጨማሪ ጥቅሎች ሲያወርድ ዋይፋዩ ምን እንደሚሆን ሁላችሁም ታውቃላችሁ። ያለ ኢንተርኔት እንዘጋጅ። ፒፕ የሚባለው የፓይተን ጥቅል መጫኛ ያለው የዳውንሎድ ትእዛዝ ጥቅሎቹን ከነሚያስፈልጓቸው ሁሉ አንድ ፎልደር ውስጥ ያስቀምጣል። ያንን በፍላሽ ገልብጠን ከዚያው እንዲጭኑ እናደርጋለን።

ሁለት ጣጣ ግን አለው። እንደ ነምፓይ ያለው ጥቅል ለየፓይተኑ ቨርዥን ለብቻ ነው የሚዘጋጀው። አንዱ 3.11 ሌላው 3.13 ይዞ ከመጣ፣ ፍላሹ ለአንዱ ሠርቶ ለሌላው እምቢ ይላል። ስለዚህ የፓይተኑን መጫኛም ፍላሹ ላይ እናድርግና ሁሉም አንድ ዓይነት ይጫን። ሁለተኛ፣ ዊንዶውስ 7 ያለበት ላፕቶፕ ይዞ የሚመጣ አይጠፋም። ከ3.9 ወዲህ ያለው ፓይተን እዚያ ላይ አይነሳም። ምዝገባው ላይ እንጠይቅ፤ በዕለቱ ከምናለቅስ።

አዲስ አባል፦
ይቅርታ፣ እኔም አንድ ነገር ልበል። አንድ ሥልጠና ላይ አሠልጣኙ «ሁላችሁም ጋ ሠራ አይደል?» አለን። ዝም አልን። ዝም ያልነው ስለሠራ አልነበረም። እሱ ግን ቀጠለ። የኔ ስክሪን ላይ እስከ መጨረሻው ያው ቀይ የስህተት ጽሑፍ ነበር።

የፔዳዋ መምህርት፦
ጥሩ አነሳሽው እህቴ። ሶፍትዌር ካርፔንትሪ የሚባለው ማሠልጠኛ ለዚህ ቀላል ዘዴ አለው። ለእያንዳንዱ ሰው ሁለት ቀለም ተለጣፊ ወረቀት ይሰጣሉ። የጨረሰ አንደኛውን ላፕቶፑ ጀርባ ላይ ይለጥፋል፣ የተቸገረ ሌላኛውን። እጅ ማውጣት የለም፣ ማፈር የለም። ረዳቱ ቀለሙን አይቶ ይመጣል። እ.ኤ.አ. በ2014 በርሊን ላይ የተጀመረው ጃንጎ ገርልስ የሚባለው የሴቶች የፕሮግራሚንግ ሥልጠና ደግሞ ለሦስት ሰው ያህል አንድ ረዳት ይመድባል።

ስለዚህ ርዕስ ከመምረጣችን በፊት ረዳት እንቁጠር። አንድ ክፍል 24 ሰው ቢይዝ፣ ለአራት ሰው አንድ ረዳት ብንል እንኳ 6 ረዳት ነው። ሁለት ክፍል በአንዴ ከከፈትን 12። አስተባባሪ፣ ስንት ሰው አለን?

አስተባባሪ፦
እስካሁን ቃል የገቡልኝ 7 ናቸው።

የፔዳዋ መምህርት፦
እንግዲያው አንድ ክፍል ነው የምንችለው። ጠዋት አንድ፣ ከሰዓት አንድ። በቃ።

የሸምብጡ፦
ጠዋት ለጀማሪ ይሁን፣ በዚህ ክርክር የለም። ከሰዓት ግን የአማርኛ ጽሑፍና የኛን ቀን አቆጣጠር እንሥራ። ታይታኒክ ላይ ማን ተረፈ የሚለውን የተለመደ የመለማመጃ ዳታ እስከ መቼ ነው ጣና ዳር ተቀምጠን የምንፈታው?

ምሳሌ ልስጥ። የእድር መዝገብ ኤክሴል ላይ ሲጻፍ አንዱ ጸሐፊ «ኃይሉ»፣ ሌላው «ሀይሉ»፣ ሦስተኛው «ሃይሉ» ይላል። ለፓይተን ሦስቱም የተለያዩ ሰዎች ናቸው፤ እያንዳንዱ ፊደል ዩኒኮድ በሚባለው የፊደላት ቁጥር ሰንጠረዥ የራሱ ቁጥር አለውና። ሠልጣኙ ሀ ሐ ኀን፣ ሰ ሠን፣ አ ዐን፣ ጸ ፀን ከነእርባታቸው፣ ሀና ሃንም ጭምር፣ ወደ አንድ የሚመልስ አጭር ፈንክሽን (ትንሽ የኮድ ክፍል) ይጽፋል። ስትሪንግ፣ ዲክሽነሪ፣ ሉፕ የሚባሉትን የኮድ መሠረቶች ሁሉንም በአንድ ሥራ ይነካል። ከዚያ ፓይተን ላይ ወሩን 13 አድርጎ ቀን ለመፍጠር ይሞክር። ወር ከ1 እስከ 12 ነው ብሎ ይመልሰዋል። ለጳጉሜን መፍትሔ መፈለግ ያኔ ይጀመራል።

ከርቀት የሚሠራው፦
ሐሳቡ ደስ ይላል ወንድሜ። ግን ልጆቹ ሥራ ነው የሚፈልጉት። የድረ ገጽ መሥሪያው ጃንጎ ይሁን።

የሸምብጡ፦
በሦስት ሰዓት ጃንጎ ተምሮ ሥራ የያዘ ካለ አሳየኝ።

ገንዘብ ያዥ፦
ልጆች፣ ተረጋጉ። እኔ ስለ ወጪው ልናገር። ዲቫይደር፣ ፍላሽ፣ ተለጣፊ ወረቀት፣ ሻይና ምሳ። ጀነሬተር የሌለው አዳራሽ ከሆነ ግን አልፈርምም። ነፃ ሲባል ደግሞ ሰው ተመዝግቦ ይቀራል። ትንሽ ማስያዣ ይክፈል፣ ለመጣ በሩ ላይ ይመለስለት። ኅዳር መጀመሪያ ይሁን፤ ጥር ከገባ ጥምቀት ነው፣ አልጋ አይገኝም። ሥልጠናው አርብ ስለሚውል ምሳው የጾም ነው። ዓሣ ይበላል አይበላም የሚለውን እዚህ አትጀምሩብኝ።

አዲስ አባል፦
ጋሼ፣ ላፕቶፕ የሌለንስ? ማስያዣውስ ለተማሪ አይከብድም?

ገንዘብ ያዥ፦
ለተማሪ ማስያዣው ይቅር፤ የመታወቂያ ኮፒ ይበቃኛል።

የፖሊው፦
ለሁለት አንድ ላፕቶፕ ይያዙ። አንዱ ይጽፋል፣ አንዱ ያነባል፤ በየግማሽ ሰዓቱ ይቀያየራሉ። ብቻውን ከሚታገለው የተሻለ ሲማሩ ነው ያየሁት።

አስተባባሪ፦
እሺ፣ የማስገባው እንዲህ ይላል። «ማኅበሩ ከጉባኤው ንግግሮች በፊት ባለው አርብ፣ በአንድ ክፍል፣ ሦስት ሦስት ሰዓት የሚፈጁ ሁለት ሥልጠናዎች ይሰጣል። ጠዋት የፓይተን መነሻ፣ ከሰዓት የአማርኛ ጽሑፍና የቀን አቆጣጠር በፓይተን። ማስተማሪያው አማርኛ ነው። አስፈላጊው ሶፍትዌር ሁሉ በፍላሽ ይቀርባል፤ ሐሙስ ከሰዓት በኋላ የመጫኛ ጊዜ ይኖራል። በክፍሉ ከ24 ሰው አይበልጥም፤ ለአራት ሰው አንድ ረዳት ይመደባል።»

ጃንጎ አልተሰረዘም። እስከዚህ ሐሙስ 5 ረዳት ከተገኘ ሁለተኛውን ክፍል ከሰዓት እንከፍትለታለን።

ከርቀት የሚሠራው፦
ሁለት ሰው ከመሥሪያ ቤት አመጣለሁ። እኔን ጨምሮ ሦስት በሉ።

አስተባባሪ፦
ሁለት ቀረ። የሸምብጡ፣ አንተ ጋ ሰው የለም?

የሸምብጡ፦
አለ። ግን ጃንጎ ነው የሚወዱት።