የኦክስጅኑ ኦርደር እንዴት ይወጣል?

ሰላም እህት ወንድሞቼ። ቱሉ ዲምቱ የምኖር የ11ኛ ክፍል ተማሪ ነኝ። ከትናንት ማታ ጀምሮ አንድ የኬሚስትሪ ጥያቄ አላስተኛኝም። ናይትሪክ ኦክሳይድ ከኦክስጅን ጋር ይዋሃዳል። ሙከራ 1 ላይ የሁለቱም ክምችት 0.01 ሞላር (ሞል በሊትር) ነው፤ የውህደቱ ፍጥነት 0.007 ሞላር በሰከንድ። ሙከራ 2 ላይ ናይትሪክ ኦክሳይዱ ብቻ 0.02 ሲሆን ፍጥነቱ 0.028 ገባ። ክምችቱ እጥፍ ሲሆን ፍጥነቱ አራት እጥፍ ስለሆነ ኦርደሩ (ፍጥነቱ ከክምችቱ ጋር በስንት ኃይል እንደሚቀየር የሚያሳየው ቁጥር) 2 ነው፤ እዚህ ድረስ ገብቶኛል። ሙከራ 3 ላይ ግን ሁለቱም ተቀየሩ፦ ናይትሪክ ኦክሳይዱ 0.04፣ ኦክስጅኑ 0.03፣ ፍጥነቱም 0.336። ኦክስጅኑ ብቻውን የተቀየረበት መስመር የለም! ወረቀቱ ከላጲስ ብዛት ተቀዷል። ከእኩልታው ላይ ቁጥሩን እንዳልወስድ፣ መምህራችን ኦርደር የሚገኘው ከሙከራ ብቻ ነው ብለውናል። ከሙከራ 2 ወደ 3 ፍጥነቱ 12 እጥፍ ሆኗል። ከዚህ ውስጥ የናይትሪክ ኦክሳይዱን ድርሻ እንዴት ነው የማወጣው? እባካችሁ፣ መልሱን ሳይሆን መንገዱን አሳዩኝ። ሐሙስ ፈተና አለብን።