ልጄ መደመር ታውቃለች፤ መቀነስ ግን እንደ አዲስ ትምህርት ይሆንባታል

የሁለተኛ ክፍል ተማሪ እናት (ደሴ)

ጤና ይስጥልኝ። የምኖረው ደሴ፣ ሰኞ ገበያ አካባቢ ነው። የ8 ዓመት ልጄ ዘንድሮ ሁለተኛ ክፍል ገብታለች። መደመር ላይ ችግር የለባትም፤ 8 ሲደመር 5 ስንት ነው ብዬ ስጠይቃት ጥያቄውን ሳልጨርስ 13 ትለኛለች። ነገር ግን ወዲያው አስከትዬ 13 ሲቀነስ 8 ስላት፣ አሁን በገዛ አፏ የተናገረችው ጨርሶ እንዳልነበረ ሆኖ፣ ጣቶቿን ዘርግታ እንደ አዲስ መቁጠር ትጀምራለች፤ ብዙ ጊዜም የምታገኘው 6 ነው። ትናንት ማታ 20 የመቀነስ ጥያቄዎች ያሉበትን የቤት ሥራ ስትሠራ አጠገቧ ተቀምጬ ስመለከት፣ አብዛኞቹን በአንድ ብቻ አብልጣ ስትሳሳት አየሁ።

እኛ በተማርንበት ጊዜ የመደመር ሰንጠረዥ ለብቻው፣ የመቀነስ ሰንጠረዥ ለብቻው በቃል እንሸመድድ ነበር። ለእርሷም ያንኑ ላደርግ አስቤ ነበር፤ ሆኖም አንድ ጊዜ ያወቀችውን ነገር ሁለተኛ ጊዜ እንድትሸመድደው ማድረግ ከንቱ ልፋት መስሎ ታየኝ። ሁለቱ የተያያዙ መሆናቸውን እኔ አውቃለሁ፤ የተቸገርሁት ለአንዲት የ8 ዓመት ልጅ እንዴት አድርጌ እንደማሳያት ነው። «መቀነስ የመደመር ተቃራኒ ነው» ብዬ ነግሬያት ነበር፤ «እሺ» አለችና ወደ ጣቶቿ ተመለሰች። ልምድ ያላችሁ፣ በተለይም የታችኛውን ክፍል የምታስተምሩ፣ ብትመክሩኝ በእጅጉ አመሰግናለሁ።

የአንደኛ ደረጃ መምህር (ኮምቦልቻ)

እህቴ፣ ከስሕተቷ ብንጀምር መልካም ነው፤ ምክንያቱም በአንድ ብቻ መብለጡ ራሱ የሚነግረን ነገር አለ። ወደ ኋላ ስትቆጥር ጣቶቿን ልብ ብለው ይመልከቱ። የመጀመሪያውን ጣት የምታጥፈው «13» ስትል ከሆነ፣ «13፣ 12፣ 11፣ 10፣ 9፣ 8፣ 7፣ 6» ብላ ስምንተኛው ጣት ላይ ስትደርስ አፏ ላይ የሚገኘው 6 ነው። መነሻውን ቁጥር እንደ አንድ እርምጃ ቆጥራዋለች ማለት ነው። ይህን ማረም ይቻላል፤ ነገር ግን ቢታረምም እንኳ ስምንት እርምጃ ወደ ኋላ መቁጠር ለልጅ አድካሚ ነው። ከ8 ተነሥቶ እስከ 13 ወደ ፊት መሄድ ግን አምስት እርምጃ ብቻ ነው፤ መንገዱንም አስቀድማ ታውቀዋለች።

«ተቃራኒ» የሚለውን ቃል ለጊዜው ይተዉት። ልጆች ተቃራኒ ሲባሉ ጥቁርና ነጭ፣ ረጅምና አጭር ነው የሚታያቸው፤ ስለ ቁጥር የሚነግራቸው ነገር የለም። እኔ ክፍል ውስጥ የምጀምረው ከሙሉውና ከክፍሎቹ ነው። ሰፌድ ላይ 13 የባቄላ ፍሬ ያስቀምጡና አብራችሁ ቁጠሩት። ከዚያ ዓይኗን ጨፍና ሳለ አምስቱን በኩባያ ይክደኑባቸውና «ስምንቱ ይታዩሻል፤ ከኩባያው ሥር ስንት አለ?» ብለው ይጠይቋት። «ቀንሺ» የሚል ቃል ፈጽሞ አይጠቀሙ። መልሷን ከሰጠች በኋላ ኩባያውን ራሷ አንሥታ ትመልከት። ፍሬዎቹ ሳይነኩ፣ በመጀመሪያ ሁለቱን ክፍሎች አንድ ላይ አድርጋ ስታያቸው መደመር፣ አንዱ ክፍል ሲደበቅባት መቀነስ መሆኑን የምትረዳው በዚህ ነው፤ የተጨመረም የጠፋም ባቄላ የለም። ይህን ለሁለትና ለሦስት ቀን ከተጫወታችሁ በኋላ አራቱን ዐረፍተ ነገሮች ደብተሯ ላይ አብራችሁ ጻፉ፦ 8 + 5 = 13፣ 5 + 8 = 13፣ 13 − 8 = 5፣ 13 − 5 = 8።

እዚህ ላይ ሁለት ነገሮች እንዳያስደነግጡዎት አስቀድሜ ልንገርዎት። አንደኛ፣ መደመርን ማገላበጥ ስለሚቻል መቀነስንም አገላብጣ 8 − 13 = 5 ብላ ልትጽፍ ትችላለች፤ ያን ጊዜ ወደ ሰፌዱ መልሰው «ስምንት ፍሬ ብቻ ቢኖረን 13 ማንሣት እንችላለን?» ይበሏት፤ መቀነስ ሁልጊዜ ከሙሉው እንደሚነሣ በዓይኗ ታየዋለች። ሁለተኛ፣ 6 + 6 = 12 ላይ ስትደርስ አራት ዐረፍተ ነገር ፈልጋ ሁለት ብቻ ታገኛለች። መልሱን አይንገሯት፤ ራሷ ስትደርስበት የሚሰማት ደስታ ትልቅ ነው።

አንድ ነገር ልጨምር። ቋንቋችን በዚህ ረገድ ባለውለታችን ነው። «አሥራ ሦስት» ስንል አሥርና ሦስት ማለታችን ነው። ከ8 እስከ 10 ሁለት ይቀራል፣ ከ10 ወዲያ ያለውን ሦስት ደግሞ ስሙ ራሱ ይነግራታል፤ ሁለትና ሦስት አምስት ነው። ቁጥሩን ቀስ ብለው እየከፋፈሉ ይጥሩላት።

ባለሱቅ (ደሴ፣ ፒያሳ)

አብሽሪ እህቴ። እኔ መምህር አይደለሁም፤ ነገር ግን መምህሩ የጻፉትን ሳነብ በየቀኑ የማደርገው ነገር ሆኖ ስላገኘሁት ነው የምጽፈው። አንድ ሰው የ65 ብር ዕቃ ገዝቶ መቶ ብር ሲሰጠኝ፣ ከመቶ ላይ 65 ቀንሼ አላውቅም። ከዕቃው ዋጋ እነሣና አምስት ብር አስቀምጬ «ሰባ»፣ ከዚያም አሥር አሥሩን እያስቀመጥሁ «ሰማንያ፣ ዘጠና፣ መቶ» እላለሁ። ደንበኛው እጅ ላይ ያረፈው 35 ብር መልሱ ነው። እኔም ልጅ ሳለሁ አባቴ ከመደርደሪያው ኋላ አስቁሞ በዚሁ መንገድ ነው ያስተማረኝ፤ ትምህርት ቤት ገብቼ የመቀነስን ምልክት ያየሁት ከዚያ በኋላ ነው። ልጅሽን ሱቅ ስትልኪያት መልሱን ቆጥራ እንድትቀበል ንገሪያት፤ ባለሱቁም ድምፁን ከፍ አድርጎ እንዲቆጥርላት ጠይቂው፤ ለልጅ ሲሆን የሚከለክልሽ ባለሱቅ ያለ አይመስለኝም።

የሁለተኛ ክፍል ተማሪ እናት (ደሴ)

ሁላችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ሰፌዱን ለአራት ምሽቶች ሞከርነው። በመጀመሪያው ቀን ሳትመልስ ኩባያውን እያነሣች ታይ ነበር፤ በሦስተኛው ቀን ግን እጇን ኩባያው ላይ አድርጋ፣ «ስምንቱ እዚህ ናቸው፤ የተደበቁት አምስቱ ናቸው፤ ቅድም አብረው ነበሩ» አለችኝ። ዛሬ 13 − 8ን ያለ ጣት መለሰች። ይሁን እንጂ በትላልቅ ቁጥሮች ገና ነች፤ 52 − 48 ተብላ 16 ብላ ጽፋለች። ከየት እንዳመጣችው አልገባኝም።

ጡረታ የወጡ መምህርት (ኮምቦልቻ)

ልጄ፣ 16 የመጣው በየቤቱ ከትልቁ አሃዝ ላይ ትንሹን ስለቀነሰች ነው። በአንድ ቤት 2 ላይ 8 ማንሣት ስላልተቻላት ገልብጣ ከ8 ላይ 2 ቀነሰችና 6 አለች፤ በአሥር ቤት ደግሞ ከ5 ላይ 4 ቀንሳ 1 አለች። ይህን በስንት ዘመን ማስተማር ስንት ልጆች ደብተር ላይ አይቼዋለሁ። ወደ መበደር ሕግ ከመሄድሽ በፊት መልሷን በመደመር እንድታረጋግጥ አድርጊያት፤ 16ን ከ48 ጋር ስትደምር 64 ታገኛለች፣ 52 እንዳልሆነም ራሷ ታያለች። ከዚያ ባለሱቁ እንዳደረጉት ከ48 ተነሥታ ወደ ፊት ትሂድ፤ ሁለት ብትጨምር 50፣ ሌላ ሁለት ብትጨምር 52፣ በጠቅላላው 4። ጥያቄው 52 − 3 ሲሆን ግን ወደ ኋላ መቁጠር ይቀላል። የትኛው መንገድ እንደሚያጥር ቁጥሮቹን አይታ መምረጥን ትልመድ።

ከዚህ ሌላ በብርቱ የማሳስብሽ ነገር አለ። «ጨመረ የሚል ቃል ካየሽ ደምሪ፣ ቀረ የሚል ካየሽ ቀንሺ» ብለሽ አታስተምሪያት። ለምሳሌ ይህን ጠይቂያት፦ ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ የሚወርድ ሚኒባስ ሐረጎ ላይ 4 ሰዎች አሳፈረ፤ አሁን ተሳፋሪዎቹ 11 ናቸው፤ ከደሴ ሲነሣ ስንት ሰዎች ነበሩ? «አሳፈረ» የሚለውን ቃል ሰምታ የምትደምር ልጅ 15 ትላለች። ታሪኩ የመደመር ታሪክ ነው፤ የተደበቀው ግን መነሻው ስለሆነ የሚፈታው በመቀነስ ነው። ከኩባያው ሥር ያለው የቱ ነው ብለሽ ብትጠይቂያት፣ የሰፌዱን ባቄላ ታስታውሳለች።

ስትጽፉም □ + 8 = 13 ብቻ ሳይሆን 13 = 8 + □ ብላችሁም ጻፉ። የእኩል ምልክትን «መልሱን እዚህ ጻፊ» የሚል ትእዛዝ አድርገው የሚያዩት ልጆች ብዙ ናቸው፤ ለእነርሱ 8 + 4 = □ + 5 ተብሎ ሲጻፍ ሣጥኑ ውስጥ የሚያስገቡት 12 ነው። ልጅሽ ሣጥኑ ውስጥ 7 ከጻፈች፣ በሁለቱም ወገን ያለው 12 መሆኑን ተረድታለች ማለት ነው፤ ያን ጊዜ ኩባያውን መልሰሽ መደርደሪያ ላይ ብታስቀምጪው ምንም አይጎድልባትም።