ወንድሜን ከሰው እንዴት ልቀላቅለው?

ምክራችሁን ፈልጌ ነው። የምንኖረው ደሴ ነው። ታናሽ ወንድሜ ለወገብ ሕመም በጀመረው ትራማዶል ሱስ ተይዞ ነበር። መድኃኒቱ ማስታገሻ ቢሆንም ከነሞርፊን ወገን ስለሆነ ያስለምዳል። በድንገት ሲያቆሙት ያልባል፣ እንቅልፍ ይነሳል፣ ሰውነት ይቆረጥማል። አልሐምዱሊላህ፣ በሐኪም ክትትል ቀስ በቀስ ቀንሶ አቆመ።

አሁን የከበደን የሰው ዓይን ነው። ቡና ላይ እሱ ሲገባ ወሬው ይቆማል። ባለፈው አንዷ ጎረቤታችን ቦርሳዋን ከመደቡ አንስታ ጭኗ ላይ አደረገች። እሱም ይህን አየ። ሲኒውን ሳይጨርስ ወጣ። ከዚያ ወዲህ ቅሬ (የሰፈሩ ዕድር) እንኳ አይሄድም፤ ወሎ ላይ ከቅሬ መቅረት ምን እንደሆነ ታውቁታላችሁ። እናቴ «አብሽር ልጄ» ትለዋለች፣ እሱ ግን ቀና ብሎ አያያትም።

የዓለም ጤና ድርጅት ሱስን ከሕመሞች ተርታ መድቦታል። ይህን ለቅሬው ሽማግሌዎች በምን አፌ ልንገራቸው? እሱን ሳላስፈቅድ መናገሩም ደስ አላለኝም። ብቸኝነቱ እንዳያገረሽበት ፈርቻለሁ። በቤታችሁ የደረሰባችሁ፣ መጀመሪያ ማንን አነጋገራችሁ? ሥራ ሲጠይቅስ ያለፈውን ይናገር ወይስ ይተወው? እባካችሁ መልሱልኝ።