«ለእግዚአብሔር ሰጥቼዋለሁ» ይቅርታ ነው ወይስ ክስ?

የሜሪላንዱ፦ አንድ ዓረፍተ ነገር መፍታት አቅቶኛል። አክስቴና ታላቅ ወንድሟ በአያቴ ቤት ውርስ ሲካሰሱ ከርመው በይግባኝም እሷ ተረታች። ስልክ ደውዬ እንግዲህ ምን እንዳሰበች ብጠይቃት «እኔ ለእግዚአብሔር ሰጥቼዋለሁ» አለችና ስለ ልጆቼ ትጠይቀኝ ጀመር። አሁን አጎቴ «ምን አለች?» እያለ ይወተውተኛል። ይቅር ብላሃለች ልበለው ወይስ ተጠንቀቅ? በልጅነቴ ከአገር ስለወጣሁ የቃሉን ክብደት መመዘን አልቻልኩም።

ወለተ ጽዮን፦ ይቅርታ ነው እንጂ! ሐና ሳሙኤልን ለእግዚአብሔር ሰጠችው ሲባል ረገመችው ማለት ነውን? መስጠት ከእጅ ማውጣት ነው። አክስትህ ሸክሟን አውርዳ እፎይ ብላለች።

የጎንደር ልጅ፦ ሐና የሰጠችው የስለት ልጇን ነው። አክስቱ የሰጠችው የረታትን ሰው ነው። በእኛ መንደር በግ የተሰረቀበት ሰው «ለሚካኤል ሰጥቼዋለሁ» ማለቱ ከተሰማ፣ ሌባው በሌሊት በጉን አምጥቶ ከበሩ ላይ ያስረዋል። ይቅርታ ቢመስለው ኖሮ አርዶ ይበላው ነበር።

ደብተራው፦ ሁለታችሁም ቅጠሉን ይዛችሁ ትጎትታላችሁ። ቃሉ የተቆረጠ ነው፤ ሙሉው «አደራ ሰጠሁ» ነው። በመዝሙር 30 «ነፍሴን በእጅህ አደራ እሰጣለሁ» የሚለውን ግዕዙ «አማኅፀነ» በሚል አንድ ግሥ ይጨርሰዋል፤ ተማኅፅኖ የምንለውም ከዚያው ነው። ዐማርኛው ግን «አደራ»ን ከ«ሰጠ» ጋር አጋባ። ኋላ ተናጋሪው ቸኮለና «አደራ»ን ትቶ «ሰጠሁ»ን ብቻ ያዘ።

የሕግ ሰው፦ አደራ ከሆነማ አስቀማጩ በጠየቀ ጊዜ ይመለስለታል። ሴትዮዋ ወንድሟን አስቀምጣ ነገ «መልስልኝ» ልትል ነው? ለእኔ ወደ ውክልና ያደላል። «ተወከለ» ራሱ ከ«ተወ» የመጣ ይመስለኛል፤ ነገሩን ለሌላ ተወ፣ ተወከለ።

ደብተራው፦ ወይ ጉድ! ሥሩ ወከለ ነው፤ «ተ» ባዕድ መነሻ ናት። በ1948 የታተመውን የኪዳነ ወልድ ክፍሌን መዝገበ ቃላት ግለጥ። ስትገልጥ ግን በሀለሐመ እንዳትፈልግ፣ የተደረደረው በአበገደ ነው፤ አለዚያ እስከ ፋሲካ ትገልጣለህ። የሕግ ሰውን ለእግዚአብሔር ሰጥቼዋለሁ።

የሕግ ሰው፦ በየትኛው ትርጉም?

ዱባይ ነኝ፦ ደብተራው ልክ ናቸው። እዚህ አሠሪዬ መኪና ከማስነሳቱ በፊት «ተወከልቱ ዐለላህ» ይላል። በፈጣሪ ተደገፍሁ ማለቱ እንጂ ተውኩ ማለቱ አይደለም። ከተወማ መሪውን ማን ይይዝልናል?

ደብተራው፦ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ዳዊትም በመዝሙር 124 «እለ ተወከሉ በእግዚአብሔር ከመ ደብረ ጽዮን» ሲል ይኸንኑ ነው፤ በእግዚአብሔር የታመኑ እንደ ጽዮን ተራራ ናቸው። ልብ በሉ! በግዕዝ ተወከለ የሚባለው የሚደገፈው ሰው ነው። በዐማርኛ ግን ተወካዩ የተደገፉበት ሰው ሆነ። ቃሉ ከአማኙ ወጥቶ ወደ ጠበቃው ሄደ።

የሕግ ሰው፦ ጠበቃ ያደረገውስ ማነው? በፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 2199 ተወካይ የሚሠራው በወካዩ ስም ነው። እግዚአብሔርን በአክስቱ ስም ችሎት ልታስቆሙት ነው? «ሰጠሁት» ማለት መዝገቡን ወደ በላይ ፍርድ ቤት መላክ ነው። በይግባኝ ለተረታች ሴት ደግሞ የቀረው አንድ ችሎት ብቻ ነው።

የሜሪላንዱ፦ ሁሉንም እያነበብኩ ነው፣ አመሰግናለሁ። ግን አጎቴ ዛሬም ደውሏል። ይቅርታ ነው ልበለው?

ሰዋስው ወዳድ፦ ክርክሩ «ሰጠ» ላይ መሆን አልነበረበትም፤ መሆን የነበረበት በተሳቢዋ «ው» ላይ ነው። «ሰጥቼዋለሁ» ስትል የሰጠችው ነገሩን ነው ወይስ ወንድሟን? ነገሩም በወንድ አንቀጽ ይጠራል፣ ወንድሟም ወንድ ነው። የተካሰሰችው ከእኅቷ ጋር ቢሆን ኖሮ «ሰጥቼዋለሁ» ካለች ነገሩን፣ «ሰጥቻታለሁ» ካለች ሰውየዋን መሆኑ ወዲያው ይለይ ነበር። አጎትህ ወንድ በመሆኑ ነው የተቸገርነው።

ቤተልሔም፦ በእኛ በወንጌላውያን ዘንድ «ለጌታ ሰጥቼዋለሁ» ከተባለ ተጸልዮበታል፣ ከእንግዲህ አልጨነቅበትም ማለት ነው። በሥራም፣ በጋብቻም፣ በሕመምም ይባላል። ባላንጣውን በስሙ ጠርቶ ለጌታ የሰጠ ሰው ሰምቼ አላውቅም። ጴጥሮስ «የሚያስጨንቃችሁን ሁሉ በእርሱ ላይ ጣሉት» አለ እንጂ የሚያስጨንቃችሁን ሰው አላለም።

የጎንደር ልጅ፦ «ሁሉ» ካለ ሰውም ይገባበታል።

ሰዋስው ወዳድ፦ ደግሞ ያው ጴጥሮስ፣ በመጀመሪያው መልእክቱ ምዕራፍ 2፣ ስለ ክርስቶስ ሲናገር «በጽድቅ ለሚፈርደው ራሱን አሳልፎ ሰጠ» ይላል። ተቀባዩ ፈራጅ ነው፤ የተሰጠው ግን ሰጪው ራሱ ነው። ጳውሎስ ወደ ሮሜ ሲጽፍ ደግሞ «ራሳችሁ አትበቀሉ፥ ለቁጣው ፈንታ ስጡ እንጂ» አለ። እዚህ ላይ የሚሰጠው ቦታ ነው፤ ራሳችሁ ከመንገድ ዞር በሉ ማለት ነው። አክስቱ ከሁለቱ በየትኛው እንደተናገረች ከድምፅዋ እንጂ ከፊደሉ አይታወቅም። ወንድሜ፣ ስትናገር ተንፍሳ ነበር ወይስ ጥርሷን ነክሳ?

ወለተ ጽዮን፦ ቤተልሔም «ጣሉት» ስትል ትዝ አለኝ። በዳዊት «ትካዜህን በእግዚአብሔር ላይ ጣል፥ እርሱም ይደግፍሃል» የሚለው በግዕዙ መደገፍ የለበትም። «ወውእቱ ይሴስየከ» ነው፤ ይመግብሃል። እናቴ ቤቱ ባዶ በሆነ ቀን የምትደግመው ይህንኑ ስለነበር፣ ለእኔ ከድጋፉ ይልቅ እንጀራው ይቀርበኛል።

ደብተራው፦ ይበል! ግዕዙ ሰባ ሊቃናትን፣ ማለት ጥንታዊውን የግሪክ ትርጉም፣ ይከተላል፤ ዐማርኛው ወደ ዕብራይስጡ ቀርቧል። «ጣል» ለሚለውም ግዕዙ «ግድፍ» ነው ያለው። ሐሳባችሁን ግደፉ ብንባል እኛ ጾሙን ገደፍነው።

የሕግ ሰው፦ እንግዲያው ምሥጢሩ ተፈታ! ገደፈ ሲገለበጥ ደገፈ ነው። የገደፈ ይደገፋል። አባቶች ፊደሏን ያገላበጡት በከንቱ አይመስለኝም።

ደብተራው፦ በዚህ ስሌት ቀደሰ ሲገለበጥ ደቀሰ ሊሆን ነው።

የጎንደር ልጅ፦ ደብተራው፣ በሑዳዴ የከሰዓት ቅዳሴ ቆመው አያውቁም ማለት ነው?