አንጀሎ ሪዞሊ እንዴት አሳታሚ ሆነ?

ጠያቂ፣ ከደብረ ብርሃን፦
የምሠራው ማተሚያ ቤት ነው፤ የሠርግ ጥሪ፣ ደረሰኝና የዕድር ደብተር እናትማለን። ስለ ጣሊያናዊው አሳታሚ አንጀሎ ሪዞሊ ሳነብ ልቤ ተነካ። እ.ኤ.አ. በ1889 ሚላኖ ውስጥ የተወለደ፣ አባቱን ሳያይ ያደገ የድሃ ልጅ እንዴት የመጽሔቶች ባለቤት ለመሆን በቃ? የምታውቁ እባካችሁ ንገሩኝ።

መልስ፣ ከአንኮበር፦
ወንድሜ፣ ያደገው ማርቲኒት በሚባል የወላጅ አልባ ልጆች ማሳደጊያ ነው፤ የኅትመት ሙያንም የተማረው እዚያው ነው። መጀመሪያ የሰው ሥራ ያትም ነበር። በ1927 ግን «ኖቬላ»ን ጨምሮ መጽሔቶችን ሞንዳዶሪ ከተባለ ሌላ ጣሊያናዊ አሳታሚ ገዛ። አንተ ሙያው ውስጥ ስላለህ ይገባሃል፦ ደንበኛ ሲጠፋ ማሽኑ ይቆማል፤ በየሳምንቱ የሚወጣ የራስ መጽሔት ካለ ግን አይቆምም። ብልሃቱ እዚህ ላይ ይመስለኛል።

መልስ፣ ከመሐል ሜዳ፦
አስተማሪ ነኝና እኔ የማከብረው በ1949 የጀመረውን ተከታታይ የመጻሕፍት ኅትመት ነው። ግራጫ ሽፋን፣ ደቃቅ ፊደል፣ ሥዕል የለ፤ ዋጋው ግን ለተማሪ ኪስ የሚሆን። ለልጆቻችን እንዲህ ያለ ነገር እንዴት በተመኘሁ!

ጠያቂ፦
እግዜር ይስጥልኝ። «ኮሪየሬ ዴላ ሴራ» የተባለውን የጣሊያን ጋዜጣስ የገዛው እሱ ነው?

መልስ፣ ከአንኮበር፦
አይደለም። እሱ በ1970 ዐረፈ፤ ጋዜጣው በቤተሰቡ እጅ የገባው በ1974፣ በልጁ በአንድሬያ ዘመን ነው።